ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቲማቲም

ገበያ ላይ ቲማቲም ተብሎ የሚሸጠውን ነገር በደስታ የሚበላ ሰው ሳይ አዝናለሁ። ያ ቲማቲም አይደለም፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ሌላ ነገር ነው። ቆዳው ጫማ ይወጣዋል። በአይሱዙ ተጭኖ ሲመጣ ከላይ ቢወድቅ የሚሰነጠቀው አስፋልቱ ነው። ስትቆርጡት መሀሉ ላይ ነጭ አጥንት አለው፣ ስታኝኩት ውኃ ውኃ ይላል፣ ወጥ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቆዳውን እንደ ካልሲ አውልቆ ለብቻው ይንሳፈፋል። ይህን ሁሉ ለመናገር መብት አለኝ ብዬ አምን ነበር፤ ምክንያቱም ጣዕም የሚለይ ምላስ አለኝ። ወደ ምላሴ በኋላ እንመለሳለን።

ንቀቴ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። አማቴ እማ ጠጅቱ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ይኖራሉ። ጓሯቸው ውስጥ ከእናታቸው የወረሱት፣ እናታቸውም ከእናታቸው የወረሱት ቲማቲም ነበራቸው። ጠፍጠፍ ያለ ነው፤ እንደ ትንሽ ዱባ ጎድን ጎድን አለው። መልኩን ብቻ ያየ ሰው የታመመ ይመስለዋል። ሲቆረጥ ግን ሽታው ከጓሮ እስከ በር ይደርሳል፤ ጎምዘዝ ብሎ ይጀምርና ጣፍጦ ይጨርሳል። አማቴ ልጃቸውን የፈለግሁት ለቁንጅናዋ ይመስላቸዋል። አልዋሽም፣ ቲማቲሙም ድርሻ ነበረው።

ባለፈው ግንቦት አጥር ጥሰው የገቡ ከብቶች ያን ጓሮ ከነሥሩ አጸዱት። እማ ጠጅቱ ከጥፋቱ የተረፈችውን አንዲት ፍሬ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ፍኖተ ሰላም ድረስ ይዘው መጡ። ሚስቴ አትጠገብ ገበያ ወጥታ ስለነበር የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ።

«ልጀ፣ ከዘሩ የቀረችው ይችው ናት» አሉኝ። «እኔ ዘንድ ከብቱ አላስቀምጥ አለ። አንተ ዘንድ አጥር አለ። እማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከፍ አርገህ ለጥፋት፣ ጢሱ ከነቀዝ ይጠብቃታል። በጥቅምት ፈቅፍቀህ ትዘራታለህ። ለመጋቢት ሚካኤል የማኅበር ተረኛ ስትሆኑ እመጣ የለ? ያን ጊዜ ዘሬን ትመልስልኛለህ።»

«እማ፣ አይስጉ፤ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት» አልኳቸው። ይህን ያለው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ «መነጽሬን ማን ወሰደው?» እያለ ቤት የሚያተራምስ ሰው ነው።

እሳቸው እንደሄዱ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። መጀመሪያ ስልኬን ከፍቼ በዓለም ላይ ያሉ አትክልተኞች ዘር እንዴት እንደሚያስቀምጡ አየሁ። አንዱ በብርጭቆ ያብላላዋል፣ አንዷ በስስ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ትደረድረዋለች፣ ሌላው ሰውዬ ጓንት አድርጓል። ጓንት! ለቲማቲም! ናቅኋቸውና ስልኬን ዘጋሁ። ፍሬዋን በመዳፌ ጨምቄ ግድግዳው ላይ ጧ አደረግኋት፣ እጄን ጨርቅ ላይ ጠረግሁና ወጣሁ። ለአትጠገብ አልነገርኳትም። ለምን እነግራታለሁ? የእናቷ ዘር ነው፤ ዘር ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እያየች ነው ያደገችው። አይታ ታውቀዋለች አልኩ። ትምህርት የቀመሰ ሰው እንዲህ ያስባል።

ነሐሴ ላይ የሚካኤል ማኅበራችን ተረኛ ጋሽ ሙሉቀን ነበሩ። ጋሽ ሙሉቀን አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፤ የማኅበሩም ሙሴ፣ ማለትም አለቃችን እሳቸው ናቸው። መድኃኒት መርጫ በጀርባቸው አዝለው ጓሯቸው ውስጥ የሚውሉ፣ እነዚያን አጥንታም ቲማቲሞች በዘመናዊ ዘር የሚያመርቱ ሰው ናቸው። ጊዜው ፍልሰታ ነውና የቲማቲም ፍትፍት ቀረበ። እኔም አንድ ጉርሻ ጎረስኩና ማኅበርተኛው ሁሉ እየሰማ፣

«ጋሽ ሙሉቀን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን ቲማቲም ያበቀሉት ነው ወይስ ያስጠረቡት?» አልኩ።

ከጠላው ይሁን ከጤናዬ አላውቅም፣ ቀጠልኩበት። ስለ አማቴ ቲማቲም፣ ስለ ጎድን ጎድኑ፣ ስለ ሽታው ሰበክሁ። ጋሽ ሙሉቀን ጉርሻቸውን ቀስ ብለው ዋጡና፣

«እኛ እንግዲህ ያለንን ነው ያቀረብን፣ ልጀ» አሉ። «መጋቢት ላይ ደግሞ አንተ ዘንድ እንመጣ የለ? ያለህን እናያለን።»

«ያያሉ!» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። እንግዲህ ዘሩ የአማቴ የትውልድ አደራ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የእኔም የክብር ማስያዣ ሆነ።

ጳጉሜ ላይ መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ባሕር ዳር ላከኝ። የሥልጠናው ርዕስ ስለ መረጃ ልውውጥ ነበር፤ በደንብ አጨበጨብኩ። ስመለስ ግቢው ለእንቁጣጣሽ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አትጠገብ ከሜዳ አፈር አስመጥታ፣ ከጋሽ ሙሉቀን ላሞች እበት ተቀብላ፣ ማድ ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ለቅልቃዋለች። ግድግዳው እንደ እንቁላል ለስልሷል።

«እንዴት አምሯል!» አልኩ። እጄን እያንሸራተትኩ ዳበስኩት። «እጅሽ ይባረክ! አንዲት እንከን የለውም!»

እንከን የለውም ያልኩት ራሴው ነኝ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ዘሩ ትዝ ያለኝ።

«አትጠገብ… እዚህ ግድግዳ ላይ የነበረው የት ሄደ?»

«ምኑ?»

«ቲማቲሙ! የእናትሽ ዘር!»

እጇን በአፏ ጫነች። ከዚያ ቀስ በቀስ ፊቷ ከድንጋጤ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ አየሁት።

«ያ እሱ ኖሯል?» አለች። «እናቴ ዘር ስትለጥፍ እኮ እንደ ጥልፍ ነው የምትዘረጋው። ያንተው የሆነ ሰው ያስታወከበት ነው የሚመስል! እኔማ አንተ ነህ ብየ ዝም ብየ አጥቤ ለቀለቅሁት… አይ፣ አላጠብሁትም እንኳ፣ እላዩ ላይ ነው የለቀለቅሁት። ምነው ብትነግረኝ?»

ጥያቄው መልስ ስላልነበረው ተቆጣሁ። መልስ የሌለው ወንድ የሚያደርገውን አደረግሁ፣ አዋጅ አወጅሁ። «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስለ ቲማቲም የምናገረው እኔ ብቻ ነኝ! አንቺ ስለ ቲማቲም አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ!»

«እሽ» አለች አትጠገብ። የሚስትን እሽታ በቀላሉ የሚያምን ሰው ትዳርን አያውቅም። እኔ አመንኳት።

በማግስቱ፣ በዓሉ ሳያልቅ፣ ልስኑን መፈቅፈቅ ጀመርኩ። ችግሩ የት እንደለጠፍኳት ማስታወስ አለመቻሌ ነው። በመስኮቱ በኩል ይመስለኛል። አትጠገብ በበሩ በኩል ልታሳየኝ ጣቷን ቀስራ አፏን ስትከፍት «አዋጁን!» አልኳት፤ አፏን ዘጋች። ብቻ ለጥንቃቄ በሁለቱም በኩል ፈቀፈቅሁ። በማንኪያ ጀመርኩ፣ በቢላዋ ቀጠልኩ፣ ቁጣዬ ሲብስ ዶማ አነሳሁ። ዶማው ጭቃውን አልፎ ጭድ፣ ጭዱን አልፎ ማገር፣ ማገሩን አልፎ ብርሃን አገኘ። በቀዳዳው ውስጥ የጋሽ ሙሉቀን ዓይን ታየኝ። ጓሯቸው ውስጥ ነበሩ።

«እንኳን አደረሰህ» አሉ በቀዳዳው። «ምነው ልጀ፣ በሩ ጠፋብህ?»

«አየር እንዲገባ ነው» አልኩ።

«መልካም። አየር ጥሩ ነው» ብለው መርጫቸውን አዝለው ሄዱ።

በመስኮቱ በኩል የወረደውን ልስን እንደ ወርቅ በወንፊት ነፋሁት። በበሩ በኩል የወረደውን፣ ትርፍራፊ ነው ስላልኩ፣ አትጠገብ ጠርጋ ከማድ ቤቱ ጀርባ አመድ መድፊያው ላይ ጣለችው። እኔ አመድ መድፊያ ሄጄ አላውቅም። የቤት አባወራ አመድ ሊደፋ አይሄድም፤ ቢሮ ነው የሚሄደው።

በጥቅምት የከበረውን አፈሬን ለስልሶ በታረሰ መደብ ላይ ዘራሁ። ጠዋትና ማታ አጠጣሁ፣ ከፀሐይ ዳስ ጣልኩለት፣ ዶሮ እንዳይጭረው በሽቦ አጠርኩት። በቀለ! ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ የተሰማኝ ልጆቼ ሲወለዱም እንጃ። ሣሩን፣ ጎመን ዘሩን፣ ዳጉሳውን ነቅዬ ስጨርስ ወፈር ወፈር ያለ ቅጠል ያላቸው ጥቂት ችግኞች ቀሩ። ቅጠላቸው ጸጉራም ነበር፤ የቲማቲም ቅጠልም ጸጉር አለው። እያደጉ ሲሄዱ ግንዳቸው ላይ እሾህ አወጡ።

እሾሁን ሳይ ትንሽ ቆም አልኩ። ግን የተማረ ሰው ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አያጣም። «የጥንት ዘር ነው፣ ራሱን ይከላከላል፤ እሾሁን ያጣው ዘመናዊው ቲማቲም ነው፤ በመድኃኒት አልፈስፍሰውት» አልኩ። ይህን ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ሁሉ በሻይ ሰዓት አስረዳሁ። አበባው ሲፈነዳ ቢጫ ሊሆን ሲገባው ወይን ጠጅ ሆነ። ለእሱም ማብራሪያ ነበረኝ፤ ድሮ አበባ ሁሉ ያምር ነበር። ለእያንዳንዱ ካስማ አቆምኩለት፣ ከአሮጌ ከረባቴ በቀደድኩት ጨርቅ አሰርኩት።

አትጠገብ አንድ ቀን መደቡ አጠገብ ቆማ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ነጠላዋን በአፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ገባች። በጸጸት እያለቀሰች ነው ብዬ አዘንኩላት።

ጋሽ ሙሉቀንም በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ጎበኙልኝ። አገጫቸውን እያሻሹ፣

«ይዟል» አሉ። «ውኃም እምብዛም የሚፈልግ አይመስል። ከብት እንኳ አይደፍረው።»

«እርስዎም አመኑ!» አልኩ።

«ኧረ ምን በወጣኝ የማላምን፤ በዓይኔ እያየሁት!» አሉና ቶሎ ወረዱ። የእኛ አገር ሰው አንድን ነገር በቀጥታ ከሚነግርህ ጥርሱን ቢያወልቅ ይመርጣል። እኔ ደግሞ የዚሁ አገር ሰው ሆኜ ሙገሳ መስሎኝ አደርኩ።

በዚህ መሀል ሁዳዴ ገባ። ማዕዳችን ላይ ቲማቲም በዛ። በስልስ፣ በፍትፍት፣ ከቃሪያ ጋር ተከትፎ ይመጣል። እኔም በየምሳው ንቀቴን አላቋረጥኩም። «ይሄ የገበያ ምናምን! ይሄን የሚበላ ሰው ምላሱን ለውሻ ይስጠው!» እያልኩ ሳህኑን እስኪያብረቀርቅ በእንጀራ እጠርገዋለሁ። «ታገሺ፣ የእኔ ሲደርስ ቲማቲም ምን እንደሆነ ታስታውሻለሽ» እላታለሁ። አትጠገብ «እሽ» ትላለች። ይጨመርልኝ እላለሁ፤ ትጨምርልኛለች።

የመጋቢት ሚካኤል ደረሰ። ሚስቴ ጠላውን ጠምቃ ዳቦውን ደፍታ ጨርሳለች። መደቤ ላይ ያሉት ፍሬዎች ግን አልቀሉም። ክብ፣ ጠንካራ፣ አረንጓዴ ሆነው ነጣ ያለ መስመር አላቸው፤ ጥቂቶቹ ቢጫ ጀምሯቸዋል። ከቢጫ ወደ ቀይ ለመሄድ እንግዲህ ሩቅ አይደለም ብዬ ተጽናናሁ።

እማ ጠጅቱ ከቡሬ በጠዋት ተነስተው በባጃጅ በር ላይ ወረዱ። ገና ውኃ ሳይቀምሱ፣

«ዘሬስ፣ ልጀ?» አሉ።

እጃቸውን ይዤ ወደ ጓሮ መራኋቸው። ቅዳሴ ወጥተው ቀደም ብለው የመጡ ማኅበርተኞች፣ ጋሽ ሙሉቀንን ጨምሮ፣ ከኋላ ተከተሉን። ሽቦውን ከፈትኩ። አማቴ ዳሱን አዩ፣ ካስማውን አዩ፣ ከረባቴን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አንዱን ፍሬ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይህ እምቧይ ነው» አሉ።

ከአጥሩ ማዶ የጋሽ ሙሉቀን ላም ጮኸች።

«እምቧይ ነው፣ ልጀ። እየሜዳው ያለው እምቧይ። እኔ መንገድ ዳር ስሄድ የምረግጠው።» ካስማውን እየነቀነቁ ዞር አሉ። «ለእምቧይ ማን ነው እንጨት ያቆመለት?» ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። አትጠገብ ሳቋ አመለጣት። ምን እንዳሉ እስከዛሬ ስለምናት አልተረጎመችልኝም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ሳቅ ብቻ ነበር። እማ ጠጅቱ ግን መደቡ ዳር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። «ያያቴ ዘር አለቀ በለኛ» አሉ በቀስታ። ያን ጊዜ አፈርኩ። ለጋሽ ሙሉቀን ያለኝ ንቀት፣ ጓንት ላደረገው ሰውዬ ያለኝ ንቀት፣ ሁሉም ተሰብስቦ ወደ ራሴ ዞረ። አንዲት ፍሬ አደራ ሰጥተውኝ ነበር፤ ግድግዳ ውስጥ ቀበርኩባቸው። ሌላ ጊዜ ለሁሉም ነገር ማብራሪያ የማያጣው አፌ ያን ቀን ደረቀ።

ጸሎት ተደርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ማዕድ ቀረበ። አትጠገብ ትልቁን የቲማቲም ፍትፍት እመሀል አስቀመጠችው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተነሳሁና፣

«ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። «ቃል ገብቼላችሁ ነበር። ዛሬም የቀረበላችሁ ያው የገበያው ነው፤ ጣዕም የለውም፣ እኔ ምሳ ላይ በየቀኑ እየቀመስኩት አውቀዋለሁ…»

እማ ጠጅቱ ጎርሰው ነበር። ማኘካቸውን አቆሙ። እንደገና ቀስ ብለው አኘኩ።

«ዝም በል እስቲ» አሉኝ። ሌላ ጎረሱ። «ይህ የእኔ ነው!»

«የምን የእርስዎ?»

«ቲማቲሙ የእኔ ነው! ይህን እኔ አላውቅም? አንች አትጠገብ! ከየት አመጣሽው?»

ሁሉም ወደ ሚስቴ ዞረ። አትጠገብ ሌማቱን እያስተካከለች፣ ድምጿን ሳታነሳ መለሰች።

«ከአመድ መድፊያው፣ እማ። በበሩ በኩል የነበረው ልስን እዚያ ተደፍቶ በራሱ በቀለ። የዕቃ እጥበት ውኃ እደፋለት ነበር። ከጥር ጀምሮ እየለቀምሁ ምሳ ላይ ሳቀርበው ከረምሁ።»

«አንቺ!» አልኩ። «ከጥር ጀምሮ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ ቲማቲም አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ አላልህም?» አለችኝ። «አልተነፈስሁም።»

ማኅበሩ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሙሉቀንን ጠላው ትን አላቸው፤ ጀርባቸውን ደበደቧቸው። አማቴ ግን የሚስቁበት ጊዜ አልነበራቸውም፤ ማዕዱን ጥለው ወደ ማድ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። እኔም ባለቤት በሆንኩበት ግቢ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አመድ መድፊያውን አየሁት። ካስማ የሌለው፣ ዳስ የሌለው፣ ሽቦ የሌለው ቲማቲም አመዱን አልብሶት መሬት ለመሬት ተንሰራፍቷል። ፍሬው ጎድን ጎድን አለው፣ ቀልቷል፣ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እማ ጠጅቱ ቅጠሉን በሁለት እጃቸው አቅፈው ሳሙት። ከደስታቸው የተነሳ የእኔን ጥፋት ረሱት፤ ወይም ረስቻለሁ አሉ።

በዚያኑ ቀን ከሁሉም የበሰለውን መርጠው ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከፍ አድርገው፣ ዘሩ እየተነጣጠለ እስኪታይ ድረስ ለጠፉት። እውነትም ጥልፍ ይመስላል። ሌላውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ለቡሬ ያዙ። ጋሽ ሙሉቀንም ሲሰናበቱ አንድ ፍሬ ለዘር ተሰጣቸው።

«እናያለን ብየህ አልነበር? ያለህን አየን፣ ልጀ» አሉኝ ፍሬውን እያሸተቱ። «ያስጠረብኸው አይመስልም።»

ለእኔ ፍሬ የሰጠኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አሁን በቤታችን ስለ ቲማቲም የምትናገረው አትጠገብ ብቻ ናት። ግድግዳው ሲለቀለቅም እኔ ዘር ባለበት በኩል እንዳልደርስ ተነግሮኛል። አመዱን ግን እኔ ነኝ የምደፋው። ስለ እምቧይ አተካከል፣ አጠጣጥና ካስማ አቋቋም ማወቅ የሚፈልግ ካለ ግን በፍኖተ ሰላም ከእኔ የተሻለ ሰው አያገኝም።